ፕራይም95፦ ራም የሚፈትን፣ ቁጥር የሚያድን

ፕራይም95ን ሁለት ዓይነት ሰዎች ያውቁታል። ጌመሩና የጥገና ባለሙያው «ስትረስ ቴስት» ይለዋል፤ ሲፒዩ የሚያስጨንቅ፣ ፋን የሚያስጮኽ፣ ደካማ ማሽን የሚያጋልጥ። የሒሳብ ወዳጆች ደግሞ ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች (ከራሳቸውና ከ1 ሌላ አካፋይ የሌላቸው) የተገኙበት ፕሮግራም ነው ይላሉ። አንዱ ወገን የሌላውን ነገር ብዙም አያውቅም። እኔ በእንጀራዬ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ፣ በትርፍ ጊዜዬ ከሁለተኛዎቹ። ስለዚህ የምጽፈው ለሁለቱም ነው፤ ሒሳቡ የማይጥመው ዘሎ ወደ ታች ይውረድ፣ አልቀየምም።

ሥራዬ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ገዝቶ፣ አጽድቶና ፈትኖ መሸጥ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ። አብዛኞቹ ከዱባይ የሚገቡ የቢሮ ዴስክቶፖች ናቸው። ሁሉም ይበራሉ፣ ሁሉም ዊንዶውስ ያስነሳሉ፣ ዩቲዩብም ያጫውታሉ። ለብዙ ሻጭ ይሄ ይበቃዋል። ለእኔ ግን «ይበራል» ገና ምንም ማለት አይደለም። ራም ውስጥ ያለች አንዲት የታመመች ቢት ለሳምንታት ተደብቃ ትቆይና አንድ ቀን የደንበኛው መዝገብ ውስጥ 1 የነበረውን 0 ታደርገዋለች። ኮምፒውተሩ አይጮኽም፣ አይጠፋም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ነገር ይጽፋል። ሰውየው የሚነቃው ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ ያኔ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

ፕሮግራሙ ነፃ ነው። ዚፑን አውርዶ መፍታት ብቻ ነው፤ ኢንስታል አይፈልግም፣ ከፍላሽ ላይ ይነሳል። መጀመሪያ ሲከፈት ጊምፕስ የሚባለውን የብቸኛ ቁጥር ፍለጋ ማኅበር መቀላቀል ትፈልጉ እንደሆነ፣ ወይስ ፍተሻ ብቻ ይበቃችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። «ጀስት ስትረስ ቴስቲንግ» የሚለውን ስትጫኑ ምርጫዎች ይመጣሉ። «ስሞል ኤፍኤፍቲ» የሚያሠራው ሲፒዩውንና ካሹን (ሲፒዩው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፈጣን ማኅደር) ነው፤ ሙቀት ለማየት ከሱ የሚብስ የለም። «ላርጅ ኤፍኤፍቲ» ራሙንም ያስገባል። «ብሌንድ» ሁሉንም እያፈራረቀ ይሞክራል። እኔ መጀመሪያ ስሞሉን አስነሳና የሙቀት መለኪያ አጠገቡ እከፍታለሁ። ፔስቱ (ሲፒዩው ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) የደረቀበት ማሽን ብዙ አያስጠብቅም፤ ዲግሪው ሽቅብ ይወጣና ሲፒዩው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያንን ፈትቼ፣ አቧራውን ነፍቼ፣ ፔስት ቀይሬ፣ ማታ ብሌንድ ላይ ትቼው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ጠዋት ሁሉም ወርከሮች (ስሌቱን የሚካፈሉት የፕሮግራሙ ክፍሎች) እየሠሩ ካገኘኋቸው ዋጋ እለጥፍበታለሁ። አንዱ ቆሞ «ሃርድዌር ፌይለር ዲቴክትድ» ብሎ ጽፎ ከጠበቀኝ ግን ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ እንደ አዲስ።

ማሽን የሚያስጨንቁ ሌሎች ፕሮግራሞችም ሞልተዋል። ይሄኛውን የምመርጠው መልሱን ስለሚያውቅ ነው። የሚያሠራው ስሌት የመርሰን ቁጥሮች (ሁለት በራሱ ደጋግሞ ተባዝቶ አንድ የተቀነሰባቸው) ብቸኛ መሆን አለመሆናቸው ከሚፈተንበት ስሌት የተወሰደ ነው፤ ከተወሰነ ዙር በኋላ መውጣት ያለበት ውጤት ፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል። የናንተ ማሽን ያወጣው ከተቀመጠው ጋር ካልገጠመ ማሽኑ ዋሽቷል፤ ክርክር የለውም።

ከዚያ በፊትም ሌላ ወጥመድ አለ፤ እሱን ነው ይበልጥ የምወደው። ሚሊዮን አሃዝ ያላቸውን ቁጥሮች በትምህርት ቤት በተማርነው መንገድ ማባዛት ዘመን ይፈጃል። ፕሮግራሙ የሚጠቀመው ኤፍኤፍቲ የሚባለውን ዘዴ ነው። ቁጥሩን ይቆራርጠዋል፣ ቁርጥራጮቹን በነጥብ ቁጥሮች ያሰላል፣ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ውጤት ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋል። ነገሩ ሁሉ በደህና ከሄደ ውጤቶቹ ከሙሉ ቁጥር ብዙም አይርቁም፤ 17.02 ቢወጣ 17 ነው፣ 16.97 ቢወጣም 17 ነው። 17.5 ከወጣስ? ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ለዚህ ነው ልዩነቱ ከ0.4 ሲያልፍ ፍተሻው የሚቆመው። «ራውንዲንግ ዋዝ 0.5» የሚል መልእክት ካያችሁ አንድ ቦታ ላይ ኤሌክትሮን መሄድ ያልነበረበት ቦታ ሄዷል ማለት ነው። ሰማያዊ ስክሪን የማያሳይ፣ ሌላ ፕሮግራም የማይሰማው ስህተት በዚህች ግማሽ ይያዛል።

የብቸኛ ቁጥር ሰዎች የፕሮሰሰር ጉድ ሲያጋልጡ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1994 ቶማስ ናይስሊ የሚባል የሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር መንትያ ብቸኛ ቁጥሮችን፣ ማለትም እንደ 11 እና 13 በሁለት ብቻ የሚለያዩትን፣ ሲያሰላ የኢንቴል ፔንትየም ፕሮሰሰር አሳስቶ እንደሚያካፍል ደረሰበት። ኢንቴልን 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጣው። በ2016 መጀመሪያ ደግሞ የስካይሌክ ፕሮሰሰሮች በራሱ በፕራይም95 ላይ፣ 2^14,942,209 − 1 የሚለው ቁጥር ሲሞከር፣ ድርቅ ሲሉ ተገኙ። ኢንቴል ችግሩን አምኖ በባዮስ ማሻሻያ አስተካክሎታል። እንግዲህ ፕራይም95 የአሜሪካው ፋብሪካ በራሱ ፍተሻ ያመለጠውን ከያዘ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለውን አሮጌ ዴስክቶፕ አያቅተውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ።

ፕሮግራሙን የጻፈው ጆርጅ ዎልትማን ነው፤ ጊምፕስንም በ1996 የጀመረው እሱ ነው። የሚፈለጉት የመርሰን ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለትን በራሱ ደጋግሞ አባዝቶ አንድ መቀነስ። 2^3 − 1 = 7፣ 2^5 − 1 = 31፣ 2^7 − 1 = 127፤ ሦስቱም ከራሳቸውና ከ1 ሌላ አካፋይ የላቸውም። ርቢው (ሁለት ስንቴ እንደተባዛ የሚነግረው፣ ከ^ ቀጥሎ ያለው) ራሱ ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ ነገሩ ከመነሻው ያበቃል። ብቸኛ ቢሆንም ግን ዋስትና የለም፤ 2^11 − 1 = 2047 ሲሆን ይሄ ደግሞ 23 × 89 ነው። ሁለቱን አካፋዮች ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። 23 ማለት 22 እና 1 ነው፤ 89 ማለት ደግሞ አራት ጊዜ 22 እና 1። 22 የ11 እጥፍ ነው። ይሄ አጋጣሚ አይደለም፦ ርቢው 2 ሳይሆን ሌላ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ የመርሰን ቁጥር አካፋይ ሁሉ የርቢውን እጥፍ ደጋግሞ 1 ከመጨመር ውጭ መልክ የለውም። በ1903 ፍራንክ ኮል የሚባል አሜሪካዊ 2^67 − 1ን በ193,707,721 እና በ761,838,257,287 ሰብሮ አሳይቷል። ከመጀመሪያው አካፋይ ላይ 1 ቀንሱና ለ134 አካፍሉ፤ ያለ ቀሪ 1,445,580 ይመጣል። እኔ ደንበኛ በሌለበት ከሰዓት በኋላ በስልክ ካልኩሌተር ነው የሞከርኩት፤ ሲገጥም ደስ ይላል። ፕሮግራሙም ወደ ከባዱ ፈተና ከመግባቱ በፊት ትናንሽ አካፋዮችን ሲፈልግ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ ይህ መልክ የሌለውን ሁሉ ሳይነካ ያልፋል።

ይህን እስከምጽፍ ድረስ የሚታወቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር 2^136,279,841 − 1 ነው። 41,024,320 አሃዝ አለው። ኦክቶበር 2024 ያገኘው ሉክ ዱራንት ይባላል፤ የሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ሰው፣ የግራፊክስ ካርድ ሠሪው የኤንቪዲያ የቀድሞ ሠራተኛ። ከታወቁት የመርሰን ብቸኛ ቁጥሮች 52ኛው ነው። ከሱ በፊት የነበረው፣ በዲሴምበር 2018 የተገኘው 2^82,589,933 − 1፣ 24,862,048 አሃዝ ነበረው። በአንድ ዝላይ 16 ሚሊዮን አሃዝ!

ፋይሉን አውርጄ በኖትፓድ ከፈትኩት። ተራ ጽሑፍ ነው፤ 41 ሜጋባይት ገደማ። በአንድ ገጽ 2,500 አሃዝ ቢታተም ከ16,400 ገጽ ያልፋል። መነሻው 8816943275 ነው፣ መጨረሻው 9486871551። ኮምፒውተሩ ግን እንዲህ አድርጎ አያስቀምጠውም፤ በሁለትዮሽ ሲጻፍ ቁጥሩ 136,279,841 አንዶች ተደርድረው ነው፤ አንዲት ዜሮ የለችበትም። 17 ሜጋባይት፣ ሁሉም አንድ።

የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ማንም ሰው ራሱ ሊያጣራቸው ይችላል። ከ2^3 ጀምሮ የሁለት ርቢዎች የመጨረሻ ሦስት አሃዞች በየ100 እርምጃው ይደጋገማሉ። ርቢያችን የሚያልቀው በ41 ስለሆነ የ2^41ን ጭራ ማየት ይበቃል፦ 2,199,023,255,552። አንድ ቀንሱ፤ 551። ፋይሉም የሚያልቀው በዚያው ነው። ይህንን ዘጠነኛ ክፍል ላለችው ለእህቴ ልጅ ሳሳያት፣

«ጭራውስ እሺ፤ ራሱን በምን ታገኘዋለህ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። የ2 ሎጋሪዝም፣ በ10 መሠረት፣ 0.30102999566 ነው። በ136,279,841 ስታባዙት 41,024,319.945 ይመጣል። ከነጥቡ በፊት ባለው ላይ 1 ስትጨምሩ የአሃዙ ብዛት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ 10 በ0.945 ከፍ ሲል 8.81 መሆኑን ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ በ881 የሚጀምረው ለዚያ ነው። እሷ ሎጋሪዝም ገና አልደረሰችም፤ ግን ደብተሯ ላይ ገልብጣ ሄደች።

ይሄን ያህል ቁጥር ብቸኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል ለሚለው፣ በአካፋይ መሞከርማ አይታሰብም። የሒሳብ ሊቃውንቱ ሉካስና ሌህመር የተዉት ፈተና ግን ለማመን የሚያስቸግር ቀላል ነው። ከ4 ትጀምራላችሁ። በራሱ ታባዙና 2 ትቀንሳላችሁ። ውጤቱን ለመርሰን ቁጥሩ አካፍላችሁ ቀሪውን ትይዛላችሁ። ይህን ከርቢው ሁለት ባነሰ ብዛት ትደጋግማላችሁ። መጨረሻ ላይ ዜሮ ከመጣ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም። በ31 እንሞክረው፤ ርቢው 5 ስለሆነ ሦስት ዙር ነው። 4 × 4 − 2 = 14። 14 × 14 − 2 = 194፣ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 × 8 − 2 = 62፣ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 0። በ127 ደግሞ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። እርሳስ ያለው ሰው ይሞክረው።

«ለመርሰን ቁጥሩ አካፍሉ» ያልኩት ለሌላ ዓይነት ቁጥር ቢሆን ኖሮ ከባዱ ሥራ እሱ ነበር። እዚህ ግን ማካፈል የሚባል ነገር የለም። በእኛ አቆጣጠር 99 ምን እንደሚያደርግ አስታውሱ፤ 4567 ለ99 ሲካፈል ቀሪውን ለማግኘት 45 እና 67 መደመር ብቻ ነው፤ 112፣ ከዚያ 1 እና 12፣ 13። ሁለትዮሽ ላይ ሁሉም አንድ የሆነ ቁጥር እንደኛ 99 ነው፤ ላይኛውን ግማሽ ታችኛው ላይ አጥፎ መደመር። ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ግንባር ቀደሞቹ በአብዛኛው የመርሰን የሆኑትም ሌሎቹ አንሰው ሳይሆን እነዚህን መፈተን ስለሚቀል ነው። በ2024ቱ ቁጥር አካባቢ ብቸኛ ቁጥሮች በአማካይ በየ94 ሚሊዮኑ አንድ ይገኛሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ሌላ አንድ ነገር ጠቅሼ ልለፍ፦ እያንዳንዱ የመርሰን ብቸኛ ቁጥር ከኋላው አንድ ፍጹም ቁጥር ይጎትታል። 3 ከ6 ጋር፣ 7 ከ28 ጋር፣ 31 ከ496 ጋር። 28ን የሚያካፍሉት ከሱ ያነሱት 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ 28 ናቸው። የ2024ቱ ቁጥር ያመጣው ፍጹም ቁጥር 82,048,640 አሃዝ አለው።

ጊምፕስን መቀላቀልስ? እዚህ ላይ አስተያየቴ ይቀዘቅዛል። አካውንት ከፍታችሁ ስትገቡ አገልጋዩ ኮምፒውተር ርቢ ይሰጣችኋል፤ ወደ 120 ሚሊዮን አካባቢ የሆነ ነው እንበል። ባለ 4 ኮር አሮጌ አይ-ፋይቭ አንዱን ዙር በ20 ሚሊሰከንድ ቢሠራ፣ 120 ሚሊዮን ዙር 2.4 ሚሊዮን ሰከንድ ነው፤ 28 ቀን ያለ እረፍት። ማሽኑ 100 ዋት ቢበላ 67 ኪሎዋት ሰዓት። መጨረሻ ላይ የሚመጣው መልስ በሚሊዮን ገደማ ሙከራ አንድ ጊዜ ካልሆነ በቀር «አይደለም» ነው። ፕሮግራሙ ይሄን አይደብቅም፤ «ስቴተስ» የሚለውን ስትከፍቱ ዕድላችሁን በቁጥር ይነግራችኋል። የሎተሪ አዟሪ እንዲህ አይነግራችሁም።

መብራት ለሚጠፋበት ቤት ግን በደንብ የታሰበበት ነው። በየ30 ደቂቃው የደረሰበትን ያስቀምጣል፤ ሲመለስ ከዚያ ይቀጥላል። የዛሬው ዋና ፈተና ሉካስ-ሌህመር ሳይሆን ፒአርፒ የሚባለው (ቁጥሩ ብቸኛ ሳይሆን እንደማይቀር የሚጠቁመው) ነው፤ በየመሃሉ ራሱን ይፈትሻል፣ ስህተት ካገኘ ወደ መጨረሻው ደህና ቦታ ይመለሳል። ሲጨርስ ደግሞ የማረጋገጫ ፋይል ያዘጋጃል፤ ሌላ ሰው ሥራውን እንደ አዲስ ከመድገም ይልቅ ከ1 በመቶ ባነሰ ድካም ያጣራዋል። እዚህ ላይ ግን የኛ አገር ሰው ይጠንቀቅ። እየሠራ እያለ ወደ 4 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ የሚላከው ፋይል ደግሞ ለዚህ መጠን ርቢ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ መቼ እንደሚልክ በሰዓት መወሰን ይቻላል፤ ካልወሰናችሁት ፓኬጁን ይጨርስባችኋል።

እኔ ራሴ የማሠራው «ደብል ቼክ» የሚባለውን ነው። ከዓመታት በፊት በድሮው ዘዴ የተፈተኑ ርቢዎች እንደገና የሚታዩበት ነው። ርቢዎቹ ያነሱ ስለሆኑ ቶሎ ያልቃሉ፤ ከድሮዎቹ መልሶች ጥቂቱ በታመመ ማሽን የተሠሩ እንደሆኑም ይታወቃል። ለጥገና ቤት ሰው ይሄ ይስማማዋል፤ የሌላ ሰው ራም የዋሸውን ማረም ነው። 52ኛው «ከታወቁት» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ከሱ በታች ሳይታይ ያለፈ ሊኖር ይችላል። ሳይታይ ማለፍ ደግሞ በሌላ መንገድም ሆኗል፦ 2^74,207,281 − 1ን አንድ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር በሴፕቴምበር 2015 አግኝቶ ሪፖርት ካደረገ በኋላ የማስታወቂያው መልእክት ሳይላክ ቀርቶ፣ ሰው ያየው በጃንዋሪ 2016 ነው። ወደ አራት ወር ገደማ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ዝና ፈልጎ ለሚገባ ሰው በግልጽ ልናገር፦ ዘመኑ አልፏል። ለ28 ዓመታት ቁጥሮቹ የተገኙት በተራ ኮምፒውተሮች ነበር። የ2024ቱ ግን የተገኘው በግራፊክስ ካርድ፣ ያውም በ17 አገሮች ከተከራዩ የዳታ ማዕከል ማሽኖች ነው። ደብሊን ያለ ኤ100 የሚባል ካርድ ጠቆመ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ያለ ኤች100 የሚባል ሌላ ካርድ በማግስቱ አረጋገጠ። የሠራውም ፕሮግራም ፕራይም95 አይደለም፤ ሚሃይ ፕሬዳ የጀመረው ጂፒዩኦውል ነው።

ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ገንዘብ። አንዲት መርካቶ የሚነግዱ እናት ለልጃቸው ኮምፒውተር ሊወስዱ መጥተው፣

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን ሌሊቱን ምን ሲያደርግ አደረ?» አሉኝ።

«ብቸኛ ቁጥር ሲፈልግ ነው፣ እማማ።»

«አገኘ?»

«አላገኘም።»

«ታዲያ መብራቱን ማን ነው የሚከፍለው?»

መብራቱን እኔ ነኝ የምከፍለው። ጊምፕስ ላገኘ ሰው 3,000 ዶላር ይሰጣል፤ ዱራንት የራሱን ለአንድ የአላባማ የሒሳብና ሳይንስ ትምህርት ቤት ነው ያዋለው። 100 ሚሊዮን አሃዝ ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ 150,000 ዶላር ሽልማት አለ፤ በጊምፕስ ደንብ 50,000ው የአግኚው ነው። ለዚያ ርቢው ከ332 ሚሊዮን በላይ መሆን አለበት፤ ከላይ ያለውን ሒሳብ ይዛችሁ በአሮጌ አይ-ፋይቭ ስንት እንደሚፈጅ አስቡት። ቢትኮይን አይደለም፤ በየቀኑ የሚንጠባጠብ ሳንቲም የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ባንኮች ለምስጢር ቁልፍ ይጠቀሙበታል አይደል?» የሚል ነው። አይጠቀሙበትም። ለዚያ የሚሆኑት 300 አሃዝ ገደማ ያላቸው፣ ማንም የማያውቃቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ይሄኛው ዓለም ሁሉ ያወቀው ነው፤ ቁልፉን በር ላይ ሰቅሎ መሄድ ይሆናል። የቁጥሩ ጥቅም ምንድን ነው ለሚለኝ፣ ራሙን የያዘለት ፍተሻ ከዚሁ ፍለጋ የወጣ መሆኑን እነግረዋለሁ፤ ለሱ ይበቃዋል።

ቅሬታዬ መልኩ ላይ ነው። ሜኑዎቹ አሮጌ ናቸው፣ መልእክቶቹ ለጀማሪ አይገቡም፣ ማብራሪያው በጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተቀብሯል። ስንት ወርከር ስንት ኮር እንደሚይዝ የሚወሰንበት መስኮት ሳያነቡ ለሚነኩ ሰዎች አይደለም። ስሞል ኤፍኤፍቲ ላፕቶፕ ላይ የሚያወጣው ሙቀት ደግሞ በዕለት ተዕለት ሥራ ከምታዩት ሁሉ ይበልጣል፤ ፋኑ ያልጸዳ ቀጭን ላፕቶፕ ላይ ትታችሁት አትሂዱ።

ለፍተሻ 5 ከ5 እሰጠዋለሁ። ለቁጥር አደን፣ በሲፒዩ ብቻ ለሚሠራ ሰው፣ 3።

ያገለገለ ኮምፒውተር ልትገዙ ከሆነ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን ለግማሽ ሰዓት ብሌንድ ላሂድበት በሉት፤ አብዛኛው የሞተ ራም ሌሊት ሙሉ አያስጠብቅም። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይሁን፤ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ የምታዩት ሙቀት እውነተኛው አይደለም።